ጨው የጠጡ የቅሬ ዛፎች

ኮምቦልቻ፣ ህዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለሙዓዊያ፣ ባሉበት ዶሃ፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካትሁ። ጤናዎ እንዴት ነው? ሙቀቱስ? አለቃዎስ እንዴት ነው? ውይ፣ ለካ አለቃው እርስዎ ነዎት! እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። አባቴ ደህና ነው፣ እናቴ ደህና ናት፣ ፍየሏም ደህና ናት። እኔም ዘጠነኛ ክፍልን ለሚችሉት ትቼ ከወጣሁ ወዲህ ከሁሉም የበለጠ ደህና ነኝ።

እኔ ከሊድ ነኝ። ሲሄዱ ሻንጣዎ ውስጥ እንቁራሪት የከተተው ልጅ፣ እሱ ነኝ። እናቴ «የአክስቴ ልጅ ነው፣ ስለዚህ አጎትህ ነው፣ አክብረህ ጻፍ» ስላለችኝ ይኸው አክብሬ እየጻፍኩ ነው። በወረቀት ጽፌ ፎቶ አንስቼ የምልከውም «ድምፅ አትላኩልኝ፣ ክፍሌ ውስጥ ስምንት ሰው ያዳምጣል» ብለዋል ስለተባለ ነው። እንግዲህ ስምንቱም ማንበብ እንዳይችሉ ዱዓ አደርጋለሁ። የእርስዎንም መልስ በእናቴ ስልክ ከላኩት ፎቶ ቤት ወስጄ በወረቀት አሳትመዋለሁ።

የላከኝ ቅሬው ነው፤ ሬሳ ቀብሮ ድንኳን ጥሎ የማይሰለቸው እድራችን አሁን ደግሞ ደብዳቤ ያስጽፋል። ትናንት እሁድ ተሰብስበው «ዛፎቹን የተከለ ሙዓዊያ ነው፣ መድኃኒታቸውንም እሱ ያውቃል፣ በዚያ ላይ እዚያ አገር የዛፍ ሱፐርቫይዘር ሆኗል፤ ይጻፍለት» አሉ። ዓይኑ የሚያይና እጁ የሚጽፍ ሲፈለግ እኔ ተገኘሁ። በሰፈሩ ታሪክ ለቁም ነገር ስመረጥ የመጀመሪያዬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቅሬው ግቢ የተከሏቸው ሦስቱ ጃካራንዳና አቮካዶው እየደረቁ ነው። ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ ቅጠላቸው እየተቃጠለ ይረግፋል። እንደሚያውቁት ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ለቅሶ የሚቀመጠው እነሱ ጥላ ሥር ነው። ባለፈው ሳምንት የሞላልኝ አባት ሞተው ለቀስተኛው ፀሐይ ላይ ተጠበሰ። አንድ ሽማግሌ «ከሟቹ ይልቅ እኔ አሳዝናለሁ» ሲሉ ሰምቼ በለቅሶ መሀል ሳቄ አመለጠኝ።

ጥፋተኛዋ ግን ታውቃለች። እትዬ ሰርክአዲስን ያስታውሷታል? ባሏ የሞተባት፣ ግቢው ጥግ ያለው ቦኖ አጠገብ የፋብሪካ ሠራተኞችን ልብስ የምታጥበው። የሳሙና እጣቢዋ ነው ዛፎቹን የፈጃቸው ይባላል። እኔ «የሳሙና እመቤት» የሚል ማዕረግ ሰጥቻታለሁ። በሦስት ቀን ሰፈሩን አዳረሰ፤ ሕፃናቱ ከሩቅ ሲያዩዋት በኅብረት ይጠሯታል። እርስዎ «አዎ፣ ሳሙናው ነው» ካሉ ቅሬው ከዚያ ቦታ ያስነሳታል። ሌላ መተዳደሪያ የላትም እንጂ፣ ነገሩስ ያስቃል።

ስለ እኔ ጠባይ መልካም ነገር እንዲሰሙ ያህል፦ ጥቅምት መጀመሪያ ላይ የቅሬውን ዕቃ ቤት ማንም ሳያዘኝ በውሃ አጥቤዋለሁ። ወለሉ እንደ መስታወት ሆነ። ሀጂ ዘይኑልአቢዲን ራሳቸው፣ የቅሬው ዳኛ፣ እጃቸውን ዘርግተው መረቁኝ። ይህን ያነሳሁት ለጉራ ሳይሆን ለጫማ ነው። ቁጥሬ 41 ነው። ነጭ ቢሆን ይመረጣል።

አክባሪዎ ከሊድ


ዶሃ፣ ህዳር 13 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለከሊድ፣

ወዓለይኩሙሰላም ወራህመቱላሂ ወበረካትሁ። ለአባትህ፣ ለእናትህ፣ ለሀጂም ሰላምታዬን አድርስልኝ። ጀሊሉ ለሟቹ ጀነትን፣ ለቤተሰቡ ጽናትን ይስጥ። እንቁራሪቷ እስከ አዲስ አበባ አብራኝ ሄዳለች።

ዛፍ ሳይታይ አይፈረድበትም። ልክ እንደ ሰው። ስለዚህ ሂድና እይልኝ። ቅጠሉ መቃጠል የሚጀምረው ከየት ነው? ከጫፉና ከጠርዙ ነው ወይስ ከመሀሉ? ቀድሞ የተቃጠለው የታችኛው ያረጀው ቅጠል ነው ወይስ ለጋው? አፈሩን ጣትህን ሰደህ እየው፤ እርጥብ ሆኖ ሳለ ቅጠሉ ጠውልጓል? ሲደርቅ መሬቱ ላይ ነጭ ነገር ይታያል? ከአራቱ መጀመሪያ የታመመው የትኛው ነው? ቦኖው ዘንድ ተክዬው የነበረው ጽጌረዳስ አለ?

መልስህ እስኪደርሰኝ ሴትዮዋን ማንም እንዳይናገራት። ስምም አታውጡላት።

ጫማውን አስብበታለሁ።

ሙዓዊያ


ኮምቦልቻ፣ ህዳር 19 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፣ ለዛፍ ሐኪሙ፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካትሁ። አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው፣ ጥያቄዎን ያሳጥረው። ለፈተና እንኳ እንዲህ ተጨንቄ አላውቅም።

ቅጠሉን አየሁ። የሚቃጠለው ከጫፉ ነው። ጫፉ ቡኒ ሆኖ ይደርቅና በጠርዙ ዙሪያ ይዞራል፤ ቡናማውና አረንጓዴው መሀል ደግሞ ቀጭን ቢጫ መስመር አለች። በቃ፣ ዳር ዳሩ ያረረ ቂጣ ነው የሚመስለው። ያረጁት ቅጠሎች ናቸው የቀደሙት። አፈሩ ጣቴን ሳስገባበት እርጥብ ነው፤ ቅጠሉ ግን ውሃ እንዳጣ ሰው ተንጠልጥሏል። ወንዝ ዳር ቆሞ የሚጠማ ዛፍ አይቼ አላውቅም።

ነጭ ነገር አለ ወይ ላሉኝ፣ አለ። መሬቱ ላይ እንደ አመዳይ ተጋግሯል። ለምርመራ ጓደኛዬን ፈሪድን ጠራሁትና «ስኳር ነው፣ ቅመስ» አልኩት። ያ የዋህ ላሰው። ምራቁን እየተፋ «አንተ ጨው ነው!» ብሎ ቦኖው ድረስ አሯሯጠኝ። እትዬ ሰርክአዲስ ልብስ እያጠበች ነበርና ሳቀች። ስትስቅ ጥርሷ ያምራል፤ ይህን ግን ለሕፃናቱ አልነገርኳቸውም።

መጀመሪያ የታመመው አቮካዶው ነው፣ ዕቃ ቤቱ ግድግዳ ሥር ያለው። ቀጥሎ አጠገቡ ያለው ጃካራንዳ። ጽጌረዳው ግን አለ። ቦኖው ጎን፣ የሳሙናው እጣቢ የሚያልፍበት ቦይ አፍ ላይ ቀይ ቀይ አበባ አውጥቶ ቆሟል። ዓይን አውጣ ነው።

ስም አታውጡላት ላሉት፣ ስም አንዴ ከወጣ እንደ ጥርስ ሳሙና ነው፣ ወደ ውስጥ አይመለስም። በሀሳብዎ ስላለው ጫማ ደግሞ፣ እግሬ ይበርደኛል እንጂ ስልክ ቢሆንም ደስ ይለኛል።

ከሊድ


ዶሃ፣ ህዳር 26 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለከሊድ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካትሁ። ዓይንህ ጥሩ ዓይን ነው። ትምህርትህን ባትተወው ኖሮ አልኩ በልቤ። ከዚህ በታች ያለውን እሁድ ለቅሬው አንብብላቸው፣ ከፊደሉ አንዲት ሳታጎድል።

«የተከበራችሁ የቅሬው አባላት፤ የዛፎቹ በሽታ ጨው ነው። ጨው አፈር ውስጥ ሲበዛ ውሃውን ይዞ ሥሩን ይከለክለዋል፤ ዛፉ እርጥብ መሬት ላይ ቆሞ ይጠማል። የጠጣው ጨው ደግሞ ቅጠሉ ጫፍ ላይ ተጠራቅሞ ያቃጥለዋል። ከጫፍ መቃጠሉና መሬቱ ነጭ መልበሱ ይህንኑ ያሳያሉ። ያጠፋው የሰርክአዲስ ሳሙና አይደለም። እሷ የምትደፋው ከዛፎቹ በታች ነው፣ ውሃ ሽቅብ አይሄድም። ጽጌረዳ ጨው ከማይችሉት አንዱ ነው፤ እሱ በእጣቢዋ አፍ ላይ ቆሞ ካበበ፣ እጣቢዋ ዛፍ አልገደለም ማለት ነው። በሽታው የጀመረው ከዕቃ ቤቱ በኩል ነው። እዚያ ጨው ያፈሰሰ ካለ ይናገር፤ ለመቅጣት ሳይሆን ልኩን አውቀን ለማከም ነው። ሴትዮዋ ከቦታዋ አትነሳ። የሰው ሀቅ ነው።»

እስከዚያው ማዳበሪያም ፍግም አመድም እንዳታስጠጉ። የታመመ ዛፍ ተርቦ ይመስላችኋል፤ ጨው ላይ ጨው መጨመር ነው። ምን እንዳገኛችሁ ቶሎ ጻፍልኝ።

ሙዓዊያ


ኮምቦልቻ፣ ታህሳስ 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ፣ ለተወደዱ፣ ለታላቁ አጎቴ ለሙዓዊያ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካትሁ። አላህ ሪዝቅዎን ያስፋልዎ፣ ከክፉ ዓይን ይጠብቅዎ፣ በሰላም ለአገርዎ መሬት ያብቃዎ፣ ወላጆችዎን ጀነተል ፊርደውስ ያግባልዎ፣ እኔንም የእርስዎን ዕድል ይስጠኝ። አሚን።

ደብዳቤዎ ደርሶኝ ለቅሬው አንብቤያለሁ። ሁሉም አመስግነዋል። ስለዘገየሁ ይቅርታ፤ ኔትወርክ አልነበረም፣ ወረቀትም አልነበረም፣ እስክሪብቶም ጠፍቶ ነበር።

ዛፎቹ ደህና ናቸው፤ ማለቴ እንደነበሩ ናቸው። አየሩ ይበርዳል። ፍየሏ ወለደች። ሌላ አዲስ ነገር የለም።

ከሊድ


ዶሃ፣ ታህሳስ 25 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለከሊድ፣

አሰላሙ ዓለይኩም።

ትናንት ሀጂ ዘይኑልአቢዲን ደወሉልኝ። «በደብዳቤህ መሠረት ሴትዮዋን ከቦኖው አስነስተናታል፣ ጀዛከላህ» አሉኝ። «አሚን» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ሽማግሌ ናቸው፣ ምን ልበላቸው? አዳማጮቼም ስምንት ነበሩ።

እኔ ያልጻፍኩትን ማን አነበበው?

ጫማ ጠየቅከኝ፣ ስልክ ጠየቅከኝ። በመጨረሻው ደብዳቤህ ምንም አልጠየቅከኝም። ያን ጊዜ ነው የፈራሁት። ከዚያ የመጀመሪያውን ደብዳቤህን አውጥቼ ደግሜ አነበብኩ። «የቅሬውን ዕቃ ቤት ማንም ሳያዘኝ በውሃ አጥቤዋለሁ» ይላል። ልጄ፣ አንተን አውቅሃለሁ። ሳትታዘዝ ያጠብከው ምን ነበረበት?

ልቆጣህ ተቀምጬ ነበር፣ አልሆነልኝም። ምክንያቱን ልንገርህ። እኔ ሱፐርቫይዘር አይደለሁም። ሆኜም አላውቅም። የውሃ ቦቴ ላይ ተንጠልጥዬ፣ ጎማ ይዤ፣ የመንገድ ዳር ዛፍ የማጠጣ ሰው ነኝ። በመጣሁ በመጀመሪያው ዓመት ሁለት የውሃ ታንከር ነበረን። አንዱ ጣፋጭ ውሃ፣ ሌላው ለግንባታ የሚሆን ጨዋማ የጉድጓድ ውሃ። ጣፋጩ ሩቅ ነበር። ሰነፍኩና አንድ ሳምንት ሙሉ ከቅርቡ ቀዳሁ። አርባ ችግኝ ከጫፉ ተቃጠለ። አለቆቹ መዝገብ ሲያዩ የዚያ ሳምንት ተረኛ ኑርሁሴን ነበር፤ የደሴ ገራዶ ልጅ፣ አልጋው ከአልጋዬ በላይ የነበረ። ፈረቃ እንደተለዋወጥን የምናውቀው እኔና እሱ ብቻ ነን። አንዴ ዞር ብሎ አየኝ። እኔ ጫማዬን አየሁ። በሳምንቱ ወደ አገሩ መለሱት።

ስድስት ዓመት ሆነ። የጨውን ምልክት የተማርኩት ትምህርት ቤት አይደለም፣ ገብቶሃል? ስለ ቅጠል ጫፍ የነገርኩህ ሁሉ ከእነዚያ አርባ ችግኞች ላይ ያነበብኩት ነው።

እውነቱን ጻፍልኝ።

ሙዓዊያ


ኮምቦልቻ፣ ታህሳስ 28 ቀን 2018 ዓ.ም.

አጎቴ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ዛሬ የምቀልደው የለኝም። ካመለጠኝም ከልማድ ነው።

መውሊድ፣ እንቁጣጣሽና መስቀል ዘንድሮ እንዴት እንደተከታተሉ ያውቃሉ። ወር ሳይሞላ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አረደ። ቆዳ ዋጋ የለውም ተብሎ በየአጥሩ ተጣለ። እኔና ፈሪድ «ሰው የጣለውን እናንሳ፣ ጨው ነስንሰን እናቆይ፣ ወደፊት ዋጋ ሲወጣ እንሸጣለን» አልን። ቆዳ ፀሐይ አይወድም፣ ጥላ ይፈልጋል። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ያለው አባቴ ዘንድ ነው። ከአፋር በኩል ከመጣ መኪና ሁለት ኩንታል ጨው ወስደን፣ ስልሳ ያህል ቆዳ በጆንያ በጆንያ አስገብተን፣ በድንኳኑና በድስቱ መሀል ደረደርነው። ሲሸት «አይጥ ሞቶ ነው፣ እየፈለግኩት ነው» እል ነበር። ሰው እንዳይሞትና ድንኳን እንዳይወጣ ሌት ተቀን ዱዓ አደረግኩ። ለሰፈሩ ጤና እንደ እኔ የጸለየ የለም።

ገዢ አልመጣም። ቆዳው ተበላሸ። በጋሪ አውጥተን ቀበርነው። ወለሉ ላይ ግን ደምና ጨው እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ቀርቶ ነበር። አባቴ ሳያይ ሁለት በርሜል ውሃ ደፍቼ በግድግዳው ቀዳዳ ወደ ውጭ ጠረግኩት። ቀዳዳው የሚወጣው አቮካዶው ሥር ነው።

ወላሂ፣ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ስጽፍ ነገሩ አልገባኝም ነበር። ፈሪድ «ጨው ነው» ሲልም ስቄያለሁ። የገባኝ የእርስዎን ደብዳቤ እሁድ ቆሜ ሳነብ ነው። «የዛፎቹ በሽታ ጨው ነው» የሚለውን አነበብኩ። ቀጥሎ ዓይኔ «ከዕቃ ቤቱ በኩል» የሚለው ላይ ወደቀ። አባቴ ፊት ለፊቴ ቁልፉን በአንገቱ አንጠልጥሎ ተቀምጧል። ሀጂ «ቀጥል እንጂ» አሉ። ቀጠልኩ። «ጨው ሳሙና ውስጥ አለ፣ ሴትዮዋ ራቅ ብትል ይሻላል» ብዬ ከሌለበት አነበብኩ። ወረቀቱን በደንብ አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩ።

እትዬ ሰርክአዲስ በሩ ዘንድ ቆማ ነበር። «ሙዓዊያ ነው እንዲህ ያለው?» ብላ ጠየቀች። እርስዎን ነው የጠየቀችው፤ እኔ ነኝ «አዎ» ያልኩት። «እንግዲህ እሱ ካለ» አለችና ሄደች።

አሁን ልብሱን በጀርባዋ ተሸክማ ታች ወንዝ ድረስ ትወርዳለች። ጉልበቷን ያማታል። ቅዳሜ ዳገቱ ላይ አየኋት፣ በየሦስት እርምጃው ትቆማለች። ሕፃናቱ ከኋላዋ «የሳሙና እመቤት! የሳሙና እመቤት!» ይላሉ፣ እኔ ባስተማርኳቸው ዜማ። የምደበቅበት ቅያስ እየፈለግኩ ተመለስኩ።

ልናገር እልና አባቴን አስባለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ቁልፍ የያዘ ሰው ነው። ምን ላድርግ?

ከሊድ


ዶሃ፣ ጥር 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለከሊድ፣

ወዓለይኩሙሰላም ወራህመቱላሂ። ምን ላድርግ አልከኝ። ያንኑ ደብዳቤ አውጣና በዚያው ቦታ፣ በእነዚያው ሰዎች ፊት፣ ሳትዘል አንብብ። የአላህን ሀቅ አላህ ይምራል። የሰው ሀቅ ግን ባለቤቱ አፉ ብሎ ይቅር ካላለ አይፋቅም። አባትህን ቀድመህ ንገረው፤ ከሰው መሀል እንዳይሰማ።

ስለ ዛፎቹ። ነጩን ቅርፊትና ከሥሩ ያለውን አንድ ስንዝር አፈር ጠርገህ ከግቢው አውጣ። የተረገጠውን መሬት ሥር ሳትቆርጥ ቀስ ብለህ አላላው። የእያንዳንዱን ዛፍ ዙሪያ ገንዳ አስመስለህ ከልለው፣ ከታች በኩል ጨዋማው ውሃ የሚወጣበት ቦይ ቅደድ። ከዚያ ንጹሕ ውሃ። ጨው የሚታጠበው በውሃ እንጂ በሌላ አይደለም። ጥቂት ጥቂት ብታጠጣ ጨውን ታንቀሳቅሰዋለህ እንጂ አታስወጣውም፤ በአንድ ጊዜ ለአንድ ዛፍ ሃያ ጀሪካን፣ ቀስ እያልክ፣ መሬቱ ሲመጠው እንደገና። በሳምንቱ ድገመው። የወንዙን ውሃ ግን አትንካ፣ ምን እንደተቀላቀለበት አናውቅም፤ ከላይኛው ምንጭ ቅዳ። ጀሶ ብታገኝ ከውሃው በፊት በትንበት፣ ጨውን ከአፈሩ ያላቅቀዋል። ለግድግዳ የሚሸጠው ይደነድንብሃል። የትምህርት ቤት ጠመኔ ግን ከዚያው ከጀሶ የሚሠራ ነው፤ ስብርባሪው ተወቅጦ ይሆናል። በመጨረሻ ገለባ አልብሰው፣ ፀሐይ ጨውን ወደ ላይ እንዳትስበው። ደርቋል ብለህ ቅርንጫፍ አትቁረጥ። ቅርፊቱን በጥፍርህ ጫር አድርገህ እይ፣ ከሥሩ አረንጓዴ ከሆነ ነፍስ አለው።

ከዚህ ጋር አንድ ወረቀት ለብቻው ልኬልሃለሁ። ለኑርሁሴን ነው። ገራዶ ባጃጅ እንደሚነዳ ሰምቻለሁ። ማንበብ አይችልም፤ ሂድና አንብብለት።

ሙዓዊያ


ኮምቦልቻ፣ የካቲት 21 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለሙዓዊያ፣ ለቦቴው ጌታ፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካትሁ። ረመዷን ከሪም። አላህ ጾማችንን ይቀበለን። ስድስት ሳምንት ዝም ያልኩት ተደብቄ አይደለም፤ ጀሪካን ተሸክሜ ነው። እጄ እስክሪብቶ መያዝ እንደገና እየለመደ ነው።

አባቴን ቀድሜ ነገርኩት። አልመታኝም። ምነው በመታኝ። ቁልፉን ከአንገቱ አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠና እራቱን በላ። ጥር 17 እሁድ ቅሬው ሲሰበሰብ እሱ ቀድሞ ሄዶ ቁልፉን ለሀጂ አስረከበ። ከዚያ እኔ ቆሜ «ያንን ደብዳቤ እንደገና ላነብ እፈልጋለሁ» አልኩ። «አንዴ አንብበኸዋል'ኮ» አሉ ሀጂ። «አላነበብኩትም» አልኩ።

ሳልዘል አነበብኩ። «እዚያ ጨው ያፈሰሰ ካለ ይናገር» የሚለው ላይ ስደርስ ወረቀቱን ዝቅ አድርጌ «እኔ ነኝ» አልኩ። ስለ ቆዳውም፣ ስለ አይጡም፣ ስለ ቀዳዳውም ተናገርኩ። ማንም አልሳቀም። አጎቴ፣ እኔ ተናግሬ ሰው ሳይስቅ ሲቀር የመጀመሪያዬ ነው።

ሀጂ «ያኔ ሌላ አነበብክልን፣ ዛሬ ሌላ። የትኛውን እንመን?» አሉ። ወረቀቱን ከእጄ ወስደው የስምንተኛ ክፍሏን የምስራችን አስጠሩ። ልጅቷ መሀል ቆማ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንደገና አነበበችው። አጠገቧ ቆሜ ጠበቅኩ። እኔ ካነበብኩት አንድም ቃል አልተለየም፤ ግን ሰው ያመነው ከሷ አፍ ነው። ከቆዳው ሽታም ከሁሉም የከበደኝ እሱ ነው። መረቁኝ ብዬ የጻፍኩልዎን ምርቃትም ሀጂ በሰው ፊት መልሰው ወሰዱት። «ያን ምርቃት አንስቻለሁ» አሉ፣ እንደ ብድር ዕቃ።

እትዬ ሰርክአዲስ በሩ ዘንድ ነበረች። አልጮኸችም። «እንዲያው ነገ ልጠብ ወይስ አልጠብ?» ብቻ ነው ያለችው። ሀጂ ተነስተው «አፉ በይን፣ እጠቢ» አሏት። እኔ እግሯ ሥር ወድቄ «አፉ በይኝ እትዬ» ስላት ቁልቁል አየችኝና «ቆይ እስቲ፣ ዛፉ ምን እንደሚል እንስማ» አለችኝ።

ከማግስቱ ጀምሮ እኔና ፈሪድ ጋሪ ይዘን ከላይኛው ምንጭ ተመላለስን። ለጠመኔው ወደ ድሮው ትምህርት ቤቴ ሄድኩ። በጠመኔ ጀርባውን እመታው የነበረው መምህር ስለሺ አሁንም እዚያው ነው። «ምን ፈለግክ?» «ጠመኔ።» «የቀረህ አለ?» ብሎ ጀርባውን አሳየኝ። ከዚያ መጋዘን ወስዶ ዝናብ ያበላሸው አንድ ጆንያ ስብርባሪ ሰጠኝ፤ ሁሉንም እዚያው ደጃፍ አስቀምጦ አስወቀጠኝ። ተማሪዎቹ በመስኮት ያዩኝ ነበር። ወጥቼ ስሄድ ፊቴ ነጭ ነበር፣ በአቧራው ይሁን በሌላ አላውቅም።

አቮካዶው ሞተ። ጫርኩት፣ እስከ ውስጡ ቡኒ ነው። አጠገቡ ያለው ጃካራንዳም ሞተ። የቀሩት ሁለቱ ጃካራንዳዎች ግን ባለፈው ሐሙስ ከግንዳቸው ላይ ጣት የማታህል ቡቃያ አወጡ። ጾመኛ ባልሆን ኖሮ እበላት ነበር ከደስታዬ። እየሮጥኩ እትዬ ሰርክአዲስ ዘንድ ሄጄ ጎትቼ አመጣኋት። ዞር ዞር ብላ አየች።

«ሁለቱ ሞተዋል አይደል?»

«ሞተዋል እትዬ።»

«እንግዲያው በግማሹ አፉ ብያለሁ» አለች። «የቀረውን ሲያድጉ።»

ጃካራንዳ ስንት ዓመት ነው የሚፈጅበት አጎቴ? አይ፣ ይተዉት፣ አይንገሩኝ።

ስለ ኑርሁሴን። ደሴ ወጥቼ ከዚያ ገራዶ ሄጄ አገኘሁት። ባጃጁ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ወረቀትዎን ከኪሴ አወጣሁና መልሼ ከተትኩት። አላነበብኩለትም። ይቆጡኝ። እኔ አንድ ጊዜ የእርስዎን ቃል ለሰው በሐሰት አንብቤ ነበር፤ አሁን ደግሞ በእውነት ባነብለት እርስዎ እዚያ እኔ እዚህ ሆነን የሚቀላው የማን ፊት ነው? ወረቀት አያፍርም። «ሙዓዊያ ሊደውልልህ ይፈልጋል» አልኩት። ሞተሩን አጠፋ። ከዚያ ቁጥሩን እጄ ላይ በእስክሪብቶ አስጻፈኝ። በሌላኛው ፎቶ ላይ ያለው እጄ ነው፤ እስኪደውሉ አላጥበውም ብዬ ነበር፣ ለሶላት ውዱዕ ግን ግድ ሆነብኝ፤ ፎቶውን ያስቀምጡት። ስምንቱን ሰዎች አስወጡና ይደውሉ። ባያስወጧቸውም ይደውሉ።

ጫማም ስልክም አልፈልግም። ምንም ባልጠይቅ ስለሚፈሩ ግን አንድ ነገር ልጠይቅ፦ ጨው ከአፈር በውሃ ይወጣል፣ እሺ። ስም በምን ይወጣል? ሕፃናቱን ለመንኳቸው፣ ተቆጣኋቸው፣ ከረሜላ ገዛሁላቸው። ከረሜላውን በልተው ጠሯት። እኔ ራሴ ከዚህ የተለየ አላደርግም ነበር።

ትናንት እጣቢዋን ልትደፋ ስትነሳ ገንዳውን ከእጇ ቀማኋት። «ቦዩ እዚህ ነው'ኮ፣ ጽጌረዳው ዘንድ ድፊው፣ ችግር የለውም ብሏል አጎቴ» ብላት እምቢ አለች። «ዛፍ ያለበት ግቢ ከእንግዲህ አልደፋም» ብላ ሰፈሩን አቋርጣ ታችኛው ፈፋ ድረስ ነው የምትሄደው። እሺ ብዬ ገንዳውን ራሴ ላይ ተሸክሜ ቀደምኩ፤ ሳሙናው በግንባሬ ይንጠባጠባል፤ እሷ ከኋላዬ ቀስ እያለች ትመጣለች። ሱቁ ጥግ ስንደርስ ሕፃናቱ እንደ ልማዳቸው በኅብረት «የሳሙና እመቤት!» አሉ።

እሷ ቀና ሳትል እኔ «አቤት!» አልኩ።

ከሊድ